የላትቪያው አጥቂ ያላጨበጨበልኝ እሁድ

ይህ የሆነው ቤንዚን ጣራ በነካበት ሰሞን ነው። ዳላስ አጠገብ ካሮልተን ላይ የባቡሩ ሐዲድ ገና እየተዘረጋ ነበር፤ እኛ ታክሲ ነጂዎች ደግሞ ጂፒኤስ እየገዛን የፊት መስታወት ላይ መለጠፍ ጀምረን ነበር። ያኔ ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነበር። ይህ በፓስፖርቴ ነው፤ ሜዳ ላይ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን ሠላሳ ሁለት እል ነበር።

ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ለአንድ የፋብሪካ ቡድን በአጥቂነት እጫወት ነበር። ያን ያህል ዝነኛ አልነበርኩም፤ ግን ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ ስቀመጥ ስሜን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ዲቪ ደርሶኝ ዳላስ ስመጣ ያቺ ትንሽ ዝና ተከትላኝ መጣች። የእሁድ ቡድናችን አምበል ሆንኩ። ዘጠኝ ቁጥር ማልያ የእኔ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች በስሜ ሳይሆን "አምበል" ብለው ነው የሚጠሩኝ። በሳምንት ስድስት ቀን ኤርፖርት ላይ የሰው ሻንጣ የምጭን ሾፌር ነኝ፤ እሁድ ከሰዓት ግን ሰው ነበርኩ።

ያን እሁድ ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኛችን ጋሽ ታደሰ በሐምሌ ለሚደረገው የሰመር ውድድር የሚሄዱትን ተጫዋቾች ሊናገሩ ቀጠሮ ይዘዋል። ውድድሩ በሌላ ስቴት ነው፤ ከየከተማው የሚመጣው አበሻ ሁሉ የሚገናኝበት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚወራለት። እኔ እንደምሄድ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። የተጠራጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም ለማንም አልተነፈስኩም። የግራ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ይከዳኛል። ከእኔ ኋላ ደግሞ ናሆም የሚባል፣ እዚሁ ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ያደገ የኮሌጅ ተማሪ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሲሮጥ ነፋስ ነው። ያንን ማልያ ባወልቅ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር።

ረፋዱ ላይ፣ ከጨዋታው በፊት አንድ ተሳፋሪ ላድርስ ብዬ ኤርፖርት ተራ ያዝኩ። የደረሰኝ አንድ ሻንጣ ብቻ የያዘ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ፀጉሩ የሳሳ ፈረንጅ ነው። የካሮልተን አድራሻ ሰጠኝና ከኋላ ገባ። በመስታወቱ አየሁት። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ግን ከየት?

ከተርሚናሉ ሳንወጣ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግሊዝ ጨዋታ በቴሌቪዥን ይታያል። ጓደኞቼ የትልልቆቹ ቡድኖች ደጋፊ ሲሆኑ፣ እኔ ግን ከሠንጠረዡ ግርጌ የሚንገላታ የአንድ ቡድን አጥቂ ነበር የምከታተለው፤ ቪሊስ የሚባል ላትቪያዊ። የአባቱን ስም ጋዜጠኞቻችን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነበር የሚጠሩት። ቁመናው እንደኔ ነው፤ ረጅም አይደለም። ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ኳስ ይቀበላል፣ ትከሻውን ወደ ቀኝ ያሳያል፣ ከዚያ በግራ ይዞራል። ተከላካዩ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ይሄዳል። ያቺን ዘዴ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተለማምጃታለሁ፤ ካሉኝ ጎሎች ግማሾቹ የእሱ ናቸው ማለት ይቻላል።

"ይቅርታ፣ ቪሊስ ነህ?" አልኩት በእንግሊዝኛ።

"አይደለሁም" አለኝ።

እንግዲህ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው "አይ" መልስ አይደለም። እንግዳ "በልቼ ነው የመጣሁት" ሲል ሰሃኑን አቅርበን "በሞቴ" እንላለን። ሁለተኛ "አይ" ሲል ትንሽ እንቆጣለን። ሦስተኛው ላይ እጁን ይታጠባል። እናቴ የሰውን "አይ" በመጀመሪያው የሚቀበል ሰው ንፉግ ነው ብላ ነው ያሳደገችን። ስለዚህ 635 አውራ ጎዳና ውስጥ እስክንገባ ታገስኩና ደገምኩ።

"የላትቪያው ቪሊስ፣ ዘጠኝ ቁጥር።"

"ከሌላ ሰው ጋር አመሳስለኸኝ ነው።"

"በዝናብ ያገባሃት ጎል ትዝ ይለኛል" አልኩት። "ከማዕዘን ምት ተመልሳ መጣች፣ በረኛው ወጥቶ ነበር፣ አንተ ዞርክና በቀኝ እግርህ..."

መስኮቱን ሲያይ ቆየ።

"በግራ እግሬ ነበር" አለ በመጨረሻ።

በቀኝ ያልኩት ሆን ብዬ ይሁን ተሳስቼ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ያዝኩት። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

"ኢትዮጵያ ሄጄ አላውቅም" አለ ግራ ገብቶት።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማውራት ጀመረ። ጫማውን ከሰቀለ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ሀገሩን ለትልቅ ውድድር ያበቃችው ጎል የእሱ ናት፤ በዚያች ጎል ምክንያት ዳቦ መግዛት እንኳ አልቻለም። ባለዳቦዋ ጎሏ ስትገባ የት ቆማ እንደነበር ትነግረዋለች፣ ከኋላው የተሰለፈው ሰው የት ተቀምጦ እንደነበር ይነግረዋል፣ ዳቦው ይቀዘቅዛል። ጥርስ ሐኪሙ አፉን አስከፍቶ ስለዚያች ጎል አውርቶታል። እህቱ ካሮልተን ትኖራለች፤ ሆስፒታል ነው የምትሠራው።

"አሜሪካኖች ስለ እግር ኳስ ምንም አያውቁም ስላለችኝ ነው የመጣሁት" አለ። "አንተ ደግሞ በር ላይ ጠበቅከኝ።"

እህቱ ከሥራ የምትወጣው ወደ ማታ ነው። እስከዚያ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብሎ ሊጠብቃት ነበር ሐሳቡ። በዚያ በቴክሳስ ፀሐይ! ጨዋታችን ከቤቷ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ስለሆነ አብረን እንሂድ አልኩት። አይ አለኝ። ውኃም ጥላም አለ አልኩት። አይ፣ አመሰግናለሁ አለኝ። እንግዳ ደጃፍ ላይ ጥዬ ብሄድ ቀኑን ሙሉ ደስ አይለኝም፣ እባክህን አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና እሺ አለ። ቆጣሪውን አጠፋሁ። የእናቴ መንገድ ቴክሳስም እንደሚሠራ አየሁና በራሴ ኮራሁ።

ሜዳው ላይ ስንደርስ የሆነውን መናገር ይከብዳል። ብሩክ የሚባል ሌዊስቪል መጋዘን የሚሠራ ተከላካያችን ታኬታውን እያሰረ ነበር። ቀና ብሎ አየና ክሩን ለቀቀው።

"ይሄ ሰውዬ... አይደለም በለኝ" አለኝ።

"ነው" አልኩት።

በአንድ ጊዜ ከበቡት። ብሩክ የሰውየውን ታሪክ ከራሱ በላይ ያውቀዋል፤ ከየት ተነስቶ የት እንደሄደ፣ የቱ አሰልጣኝ ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንዳስቀመጠው፣ ቁርጭምጭሚቱ መቼ እንደተሰበረ። ቪሊስ አንዳንዱን ራሱ የረሳው ይመስል አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል። ታጣፊ ስልኮች እየተከፈቱ ፎቶ ተነሳ። በአጠገባችን በውሻቸው ገመድ የሚጎተቱ አሜሪካኖች ያልፋሉ፤ ማን እንደሆነ ቀርቶ ለምን እንደተሰበሰብን እንኳ አልጠየቁም።

"ኢትዮጵያ ውስጥ ስንት ሰው ያውቀኛል?" አለኝ ቪሊስ በቀስታ።

"ሁሉም" አለው ብሩክ፣ በለጋስነት።

ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰ ማልያ ይዘው መጡ። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሰው ማስከፋት የማይችሉ ሰው ናቸው። "በለው እስቲ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ይግባልን። ለታሪክ" አሉኝ።

ተረጎምኩለት። አይ አለ፣ በትህትና።

"እሺ አሥር ደቂቃ ይሁን በለው።"

አይ አለ።

እንግዲህ ሦስተኛው ቀርቷል። የእኔን ትርፍ ታኬታ አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። ብሩክ ጃኬቱን ለመቀበል እጅጌውን ያዝ አደረገው። ሁላችንም ፈገግ ብለን እንጠብቃለን። ቪሊስ እጅጌውን አስለቀቀ።

"አልጫወትም አልኩ" አለ። "አልጫወትም ያልኩት ስለማልጫወት ነው። ለምንድነው ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ?"

አልጮኸም። ብሩክ እጁን ኪሱ ከተተ።

"እሺ ቢል ምን ይጎድልበታል? ማለቴ እንግዳ ነው ብለን እኮ ነው" አለ በአማርኛ።

"ተዉት፣ እነሱ እንደዚህ ናቸው" አሉ ጋሽ ታደሰ ማልያውን እያጠፉ። ቅር ብሏቸዋል። እኔ ደግሞ አፈርኩ፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቪሊስ የበረዶ ሳጥናችን ላይ ተቀመጠና እጁን አጣጥፎ ሜዳውን ያይ ጀመር። ከዚያ በኋላ ውኃ የፈለገ ሰው ሁሉ እሱን ማስነሳት ነበረበት።

ጨዋታው ከፎርት ወርዝ ከመጡ ልጆች ጋር ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ከኳስ ጋር ብዙም ሳንገናኝ ጨረስን፣ እኔና ጉልበቴ። አንድ ለአንድ ነበርን። ከእረፍት በኋላ ጋሽ ታደሰ ናሆምን በክንፍ በኩል አስገቡት። እኔን አስወጥተው ሳይሆን ሌላ ሰው አስወጥተው ነው፤ እኔን ማስወጣት የሚባል ነገር በቡድናችን አልነበረም። ናሆም ገና እንደገባ ሁለት ሰው አልፎ መታና ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ጥሩ ዕድል ነበረች። ሜዳው ዙሪያ ያለው ተመልካች ሁሉ ተነሳበት።

"አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ቀና ብለህ አታይም?"

"ይሄማ ይገባል እኮ፣ ይገባል!"

ጋሽ ታደሰ እንኳ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸውን መቱበት። ናሆም ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ያው ልጅ እንደገና መጣ። ተከላካዩን አለፈ፣ በረኛው ሲወድቅለት ራሱ መምታት ሲችል ወደ መሀል አቀበለኝ። ከፊቴ ባዶ መረብ ነበር። እንዲህ ዓይነቷን ኳስ ማንም ያገባታል። ግራ እግሬን ተክዬ በቀኝ ልነካት ስል ጉልበቴ ከሥሬ ሄደ። ኳሷ ቅልጥሜን ነክታ በቋሚው ጎን ወጣች።

ከዚያ ጭብጨባ ተሰማ።

"አይዞህ አምበል!"

"ጥሩ ቦታ ነው የያዝከው፣ ጥሩ ነው!"

ጋሽ ታደሰ ያጨበጭባሉ። ብሩክ ከኋላ ያጨበጭባል። ናሆምም፣ አቀብሎኝ የሳትኩበት ልጅ፣ ሮጦ መጥቶ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። "ኢትስ ኦኬ አምበል፣ ኢትስ ኦኬ" አለኝ። እጄን አንስቼ ሕዝቡን አመሰገንኩ። ዞር ስል የበረዶ ሳጥኑ ላይ ያለውን ሰው አየሁት። እጁ እንደታጠፈ ነው። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ሣሩን ያይ ነበር፤ ማየት የማይገባውን ነገር ያየ ሰው ይመስል ነበር።

ጨዋታው በአቻ አለቀ። ብርቱካን ሲታደል በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር፤ እንግዳ ነኝ ብሎ የሰው ውኃ ላይ ተቀምጦ ማጨብጨብ እንዴት ያቅተዋል?

"ሶ፣ እንዴት አየኸን?" አልኩት።

"በክንፍ የገባው ልጅ ጥሩ ነው።"

"ስለ እኔ ነው የጠየቅኩህ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ጉልበትህ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?"

"ሁለት ዓመት" አልኩ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

ሳጥኑ ላይ ቦታ ለቀቀልኝና ተቀመጥኩ። "ከእንግሊዝ ወደ ሀገሬ ስመለስ መሮጥ አቅቶኝ ነበር" አለኝ። "ሕዝቡ ግን ይወደኛል። ስስት ያጨበጭባሉ። ስወድቅ ተነስተው ያጨበጭባሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ የሚጫወት ወጣት ባዶ ጎል ሳተ። ስታዲየሙ በሙሉ ሰደበው፣ እናቱን ሳይቀር። ታውቃለህ ምን ተሰማኝ? ቀናሁበት።"

"ሲሰደብ ቀናህበት?"

"ከእሱ ገና የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው።"

ብርቱካኑን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ልመልስለት ፈለግኩ፤ ይህ ስታዲየም አይደለም፣ የእሁድ ሜዳ ነው፣ እኛ እኮ የምንጫወተው ለፍቅር ነው ልለው አሰብኩ። ግን ልጁ ሲስት የጮኹበትን ሁሉ አስታወስኩ፤ እኔ ስስት ያጨበጨቡልኝም እነዚያው ነበሩ።

ጋሽ ታደሰ ፓርኪንጉ ዳር ዛፍ ሥር ሰበሰቡን። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "እንግዲህ የሚሄዱትን ልናገር። አጥቂ፣ እንደተለመደው አምበላችን..." ሲሉ እጄን አነሳሁ።

"ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ይብቃኝ። ዘጠኝ ቁጥርን ናሆም ይልበሰው።"

ተናገርኩና ጠበቅኩ። ምን እንደጠበቅኩ የሀገሬ ሰው ያውቃል። ብሩክ "ኧረ በሞቴ" ይላል። ጋሽ ታደሰ "ያለ አንተማ አይሆንም" ይላሉ። እኔ ሁለተኛ እምቢ እላለሁ፣ ይቆጡኛል። ሦስተኛው ላይ ምን እንደምል አልወሰንኩም ነበር፤ ምናልባት እሺ እል ነበር።

"እሺ" አሉ ጋሽ ታደሰ።

እኚያ ሰው ማስከፋት የማይችሉ ሰው ከብዙ ጊዜ በፊት አዘጋጅተው የጠበቁት ያህል መልሱ ፈጥኖ ነው የወጣላቸው። "እግዚአብሔር ያክብርህ ልጄ። ሶ፣ ናሆም ዘጠኝ። ተከላካይ ጋ ደግሞ..." ብለው ቀጠሉ። ከኋላዬ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ብሩክ ታኬታውን ያይ ነበር። አንድ ሰው እንኳ አልለመነኝም። ናሆም ብቻ ሊናገር አፉን ከፈተና ጋሽ ታደሰን አይቶ ዘጋው።

ቪሊስን ወደ እህቱ ቤት ሳደርሰው ፊት ወንበር ነበር የተቀመጠው። አማርኛ ባይሰማም የሆነው ገብቶታል።

"ለመኑህ?" አለኝ መንገድ ላይ።

"አይ።"

"ጥሩ ጓደኞች አሉህ" አለ። "እኔን የሀገሬ ሰዎች ለምነውኝ ነበር። ሦስት ጊዜ። ያ መሮጥ አቅቶኝ ሲያጨበጭቡልኝ የነበረው ዓመት፣ እነሱ ስለለመኑኝ የጨመርኩት ነው።"

እህቱ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች በር ላይ ቆማ ነበር። ሻንጣውን ሰጠሁት፣ እጄን ጨበጠኝና ገባ። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

ወዳጆቼ፣ በማግሥቱ የተሻልኩ ሰው ሆኜ ነቃሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ተጎድቼ ነበር። ለብዙ ሳምንታት ከብሩክ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ መኪናዬን ራቅ አድርጌ ፓርክ አደርግ ነበር። ለባለቤቴ ስነግራት "እሺ" አለችኝ፤ እሷም አልለመነችኝም። እሁድ ከሰዓት ምን እንደሚሠራ ጠፍቶኝ ቤት ውስጥ ከመስኮት መስኮት እዞር ነበር። ጉልበቴን ሐኪም አሳየሁ፤ እንዲህ ሆኖ መጫወቴን አላመነም።

ቀስ እያለ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ለስንት ዓመት ሰዎች በሙሉ ደግ ሆነውልኝ ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ደግነታቸውን አድናቆት አድርጌ ስበላው ኖሬያለሁ። ስለ ሌላውም ነገር መጠርጠር ጀመርኩ። ስለምነዳበት ሰዓት፣ ስለ ቤታችን፣ ስለ ጠባዬ ባለቤቴን ጠየቅኳት። መጀመሪያ "ምንም አይደለም" አለች። ሰው "አይ" ካለ በኋላ ደጋግሞ መጠየቅ እንደሚጎዳ ከቪሊስ ተምሬ የለ? ነገር ግን "ምንም አይደለም" ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ደግሜ ጠየቅኩ። ሌሊቱን ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ያስከፋኋትን ነገረችኝ። ትዳራችን ዛሬ ካለ ከዚያ ሳምንት የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

እናንተም በሥራ ይሁን በቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ይሁን በዕድር፣ ስትሳሳቱ ሁሉም የሚያጨበጭብላችሁ ቦታ ካለ እስቲ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ምክር አይደለም፤ ምክር መስጠት እኔ አላውቅበትም። የሆነብኝን ነው የነገርኳችሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እግሬ ወደ ሜዳው ወሰደኝ። ማንም እንዳያየኝ ከዳር ነበር የቆምኩት። ናሆም ከበረኛው ጋር ፊት ለፊት ተገናኘና በቋሚው ጎን ላካት። ከሁሉም ቀድሞ "ይሄማ ይገባል እኮ!" ብሎ የጮኸበት እኔ ነበርኩ። ከሜዳው ማዶ ሰምቶ ዞረና አየኝ፤ ፊቱ በሙሉ ፈካ።